የእርግዝና ትራስ ሲመርጡ፦ ሽብልቅ፣ ሲ (C) ቅርጽ ወይስ ዩ (U) ቅርጽ?

ትራስ ከመግዛትዎ በፊት ሌሊት የሚቀሰቅስዎትን ነገር ይለዩ። የዳሌ ሕመም ነው? ቃር ነው? ወይስ ሆድዎ ወደ ፍራሹ እያዘነበለ ጎንዎን ይወጥረዋል? ለሦስቱም የሚበጀው አንድ ዓይነት ትራስ አይደለም፤ ትልቁና ውዱም ሁልጊዜ አይሻልም።

ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ በጎን መተኛት ይመከራል። በጀርባ ሲተኙ የከበደው ማኅፀን ከታችኛው የሰውነት ክፍል ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቅ የደም ሥር ስለሚጫን ወደ ጽንሱ የሚደርሰው ደም ሊቀንስ ይችላል። ግራም ቀኝም ይሆናል። ሲነቁ ራስዎን በጀርባዎ ተኝተው ቢያገኙት አይደንግጡ፤ ዞር ብለው እንቅልፍዎን ይቀጥሉ።

ሽብልቅ ትራስ ትንሽ ነው፤ አንድ ወገኑ ወፍራም፣ ሌላው ስስ። ስሱን ጫፍ ከሆድ ሥር ያስገቡታል፣ ክብደቱን ይሸከምልዎታል። ጎን ሲቀይሩ ግን እሱንም ማዞር አለብዎት፤ ጉልበትንም አይደግፍም። ለቃር የሚሆነው ሰፊው ሽብልቅ ነው፤ ከወገብ ጀምሮ ደረትን ከነራስ ከፍ ያደርጋል። ሁለት ሦስት ተራ ትራስ መደራረብ አንገትን ብቻ ያጥፋል፣ ሆድንም ስለሚያጨናንቅ ቃሩን ሊያባብሰው ይችላል።

ሲ ቅርጹ ራስን ይዞ በጉልበቶች መካከል ያልፋል፤ ጀርባን ወይም ሆድን ይደግፋል እንጂ ሁለቱንም አይደግፍም። በአንድ ጎን ብቻ ለሚተኛ ሰው በቂ ነው።

ዩ ቅርጹ ከፊትም ከኋላም ስለሚይዝ ሲገላበጡ የሚያንቀሳቅሱት ነገር የለም። ሁለቱም ዳሌ ለሚያማት ሴት የምንመርጠው እሱን ነው። ችግሮቹ ግን ቀላል አይደሉም፦ ይሞቃል፤ ሌሊት ለሽንት ደጋግመው ሲነሡ ከውስጡ መውጣት ያታክታል፤ ጠባብ አልጋ ላይ ለሌላ ሰው ቦታ አይተውም። ብዙ ጊዜ ሙሉው በቤት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ስለማይገባ፣ ሽፋኑ ዚፕ ያለውና የሚወልቅ ካልሆነ አይግዙት። የጥጥ ሽፋን ከፖሊስተር ይልቅ ላብ ይመጥጣል።

ሙሌቱንም ይመልከቱ። ፋይበር ቀላልና ለስላሳ ነው፣ ግን ቶሎ ይሟሽሻል። ሜሞሪ ፎም (ሲጫኑት ሰርጎ ቀስ ብሎ የሚመለስ ስፖንጅ) ቅርጹን ይጠብቃል፤ ሙቀት ይይዛል፣ በማሽንም አይታጠብም። ጥቃቅን የፎም ፍሬ የተሞላው በተንቀሳቀሱ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ትራሱን በጉልበቶችዎ መካከል አድርገው ይጫኑት፦ ጉልበቶችዎ ሊነካኩ ከተቃረቡ ሙሌቱ አንሷል። ርዝመቱም እስከ ቁርጭምጭሚት ይድረስ፤ እግር ተንጠልጥሎ ከቀረ ጭን ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ዳሌም ይወጠራል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሦስት ሌሊት ያህል በጉልበቶች መካከል ጠንከር ያለ ተራ ትራስ፣ ከሆድ ሥር የታጠፈ ፎጣ አድርገው ይሞክሩ። ካሳረፈዎት ተራው ትራስ ከትንሹ ሽብልቅ ጋር ይበቃዎታል። ትራሱ ሌሊቱን ሙሉ እየተንሸራተተ ካስቸገረዎት ወደ ትልቁ፣ ወደ ሲ ወይም ዩ ቅርጹ ይሂዱ።

ከወሊድ በኋላ ሲ ቅርጹ ሲያጠቡ ክንድዎን ያሳርፋል። ሕፃኑን ግን በየትኛውም ትራስ ላይ አያስተኙት፤ ፊቱ ተቀብሮ ሊታፈን ይችላል።