ሺንዳና፣ ማቴል፣ አዲ ወይስ የጨርቅ? ጥቁር አሻንጉሊት መሰብሰብ ለሚጀምር ገዢ

የአሜሪካን ጥቁር አሻንጉሊቶች መሰብሰብ የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ በአራት ምርጫዎች መካከል ያመነታል፤ ሺንዳና የተባለው ኩባንያ የሠራው የሕፃን አሻንጉሊት፣ የባርቢ ሠሪ የሆነው የማቴል ክሪስቲ ወይም ጥቁር ባርቢ፣ የአሜሪካን ገርል አሻንጉሊት የሆነችው አዲ ዎከር፣ አለዚያም በእጅ የተሰፋ አሮጌ የጨርቅ አሻንጉሊት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሻጭ አብዝቶ የሚያወራው ስለ ሳጥኑ ነው። ገዢ ግን አስቀድሞ ፀጉሩን፣ ቀጥሎ ቆዳው ገርጥቶ እንደሆነ ማየት አለበት፤ ሁለቱም አንዴ ከተበላሹ ወደ ነበሩበት አይመለሱም።

ሺንዳና በ1968 ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ኦፕሬሽን ቡትስትራፕ በተባለ የማኅበረሰብ ድርጅት ሥር ተቋቋመ። ማቴል በገንዘብና በአሠራር ዕውቀት ደግፎታል። በ1983 ተዘጋ። የመጀመሪያ ሥራው ቤቢ ናንሲ 33 ሴንቲሜትር ገደማ የምትሆን የቪኒል ሕፃን ናት፤ በ2020 በሮቸስተር፣ ኒው ዮርክ ወደሚገኘው ብሔራዊ የመጫወቻዎች የክብር መዝገብ ገብታለች። ልዩነቷ ፊቷ ላይ ነው። ማቴል በ1967 ያወጣት ጥቁሯ ፍራንሲ የነጯ ፍራንሲ ቅርጽ ቡናማ ሆኖ የተሠራች ስትሆን፣ የናንሲ አፍንጫና ከንፈር ግን ከመጀመሪያው ለጥቁር ልጅ ተብለው ተቀርጸዋል። ፍራንሲ ዛሬ ዋጋዋ ለጀማሪ አይቀመስም፤ በእኛ እይታ ለዚያ ገንዘብ ከአንድ በላይ የሺንዳና አሻንጉሊት መግዛት ይሻላል።

ናንሲን ሲገዙ የማጅራቷን ፎቶ ይጠይቁ። የሺንዳናና የኦፕሬሽን ቡትስትራፕ ስም ከ1968 ጋር ተቀርጾ መታየት አለበት። ፀጉሯ ሁለት ዓይነት ነው፤ በሁለት የታሰረ እና አጭር ጎፈሬ። ጎፈሬው በፋብሪካ በሙቀት የተጠቀለለ ስለሆነ የፈላ ውሃ ከነካው ወይም ደርቆ ሳለ ከተበጠረ ጥቅሉ ይፈታና እንደ ጥጥ ይበተናል። በለብ ውሃና በጥቂት ሻምፑ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ማጠብ፣ ሳይበጥሩ ማድረቅ ነው። ክር ሲሳብ የምትናገረዋን የሺንዳና አሻንጉሊት ታሙን ካሰቡ ደግሞ ሻጩ ክሩን ሲስብ የሚያሳይ ቪዲዮ ይላክልዎ። እንዲህ ባሉ ተናጋሪ አሻንጉሊቶች የውስጥ ላስቲኩ ከጊዜ ብዛት ይደርቃል፤ ማጫወቻው ጋ ለመድረስ ደግሞ ገላዋን መክፈት ያስፈልጋል። ዝም ያለችውን በዝምተኛ ዋጋ ይግዙ።

ከማቴል ሁለቱን እናወዳድር። ክሪስቲ በ1968 የባርቢ ጓደኛ ሆና ወጣች። «ባርቢ» የሚለውን ስም ራሱን የያዘችው የመጀመሪያዋ ጥቁር አሻንጉሊት የ1980ዋ ናት፤ የነደፈቻት ኪቲ ብላክ ፐርኪንስ ስትሆን ቀይ ልብስ፣ ጌጥና ለጎፈሬዋ የሚሆን ሚዶ ይዛ ነበር የተሸጠችው። የቀደሙት ክሪስቲዎች ፀጉር በዕድሜ ወደ ቀይነት ይለወጣል። ሻጭ «ብርቅ ቀይ ፀጉር» ብሎ ዋጋ ሲጨምርበት አይታለሉ፤ ቀለሙ ስለተበላሸ ነው። ሌላው የተለመደ ስሕተት ጀርባዋ ላይ 1966 የሚለውን አይቶ «የስድሳዎቹ ናት» ማለት ነው። ቁጥሩ የገላው ቅርጽ መብት የተመዘገበበት እንጂ አሻንጉሊቷ የተሠራችበት ዓመት አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት በወጡ ባርቢዎች ላይም አለ። የ1980ዋን ማቴል ራሱ ኋላ ላይ ዳግም ስለሠራት ሳጥኑ ላይ ያለውን ዓመት ማንበብ አይርሱ።

የጆሮ ጌጡ ብረት ቪኒሉን አረንጓዴ ካደረገው አንድ ጥንቃቄ አለ። ለነጭ አሻንጉሊት ብዙዎች የሚመክሩት ቤንዞይል ፐሮክሳይድ ያለበት የብጉር ክሬም ቡናማ ቪኒልን ያነጣል፤ አረንጓዴው ጠፍቶ በምትኩ የማይጠፋ የገረጣ ነጥብ ይቀራል። ጌጡን አውጥቶ መተው ይሻላል። ገላዋ በልብሷ ሥር ከፊቷ ይልቅ ጠቆር ካለ ፀሐይ ላይ ቆይታለች ማለት ነው፤ ያ ደግሞ መድኃኒት የለውም። አንገቷ ላይ በድንገት የሚለወጥ ቀለም ካዩ ጭንቅላቷ ከሌላ ገላ ጋር ተገጥሞ ሊሆን ስለሚችል ይጠይቁ።

አዲ ዎከር ቀላሏ ምርጫ ናት። በ1993 ወጣች፤ 46 ሴንቲሜትር ቁመት፣ የጨርቅ ደረትና የቪኒል እጅና እግር አላት። በአንገቷ ላይ የመጀመሪያው አምራቿ ስም «ፕሌዘንት ካምፓኒ» ካለ ከቀደሙት ናት። እጇን ወደ ላይ ሲያነሡት ከወደቀ የውስጥ ላስቲኳ ላልቷል፤ ይጠገናል። ልጅ እንዲጫወትባትም ከተፈለገ ከአራቱ የምትችለው እሷ ናት።

የጨርቆቹ ውበት የትኛውም ፋብሪካ አይደርስበትም፤ በ2022 የኒው ዮርክ ታሪክ ማኅበር በአብዛኛው በእነሱ ላይ ያተኮረ ትልቅ ትርኢት አዘጋጅቶ ነበር። ለመጀመሪያ ግዢ ግን አንመክርም። በሻይ ወይም በቡና ነክሮ «የ19ኛው ክፍለ ዘመን» ብሎ የሚሸጥ ሞልቷል። እውነተኛ እርጅና አፍንጫ፣ እጅና የእግር ጫፍ ላይ ይበረታል፤ የተነከረው ግን ሁለመናው እኩል ቡናማ ነው። በጨለማ አልትራቫዮሌት ባትሪ ያብሩበት፤ ጨርቁ ወይም ክሩ ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ካበራ በዘመናዊ ማንጫ የተነካ ነው። በዘመናዊ ሳሙና የታጠበ አሮጌ ጨርቅም ሊያበራ ስለሚችል፣ ስፌቱ ውስጥ የተደበቀውን ክር ይዩ። የብል ፍርሃት ካለ በላስቲክ አሽጎ ለሁለት ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ ማቆየት፣ ካወጡ በኋላም እሽጉን ለአንድ ቀን አለመክፈት።

ገንዘብዎ ለአንድ ብቻ ከበቃ፣ ከሳጥን የወጣች የ1980 ባርቢ ትሁን፤ በብዛት ስለምትገኝ መርጦ መግዛት ይቻላል። ትንሽ መጨመር የሚችል ናንሲን ይፈልግ። ከተቻለ ደግሞ በፊላደልፊያና በዲትሮይት ሲካሄዱ እንደቆዩት ዓይነት የጥቁር አሻንጉሊት ትርኢቶች ላይ ይግዙ። ሽታና የሚያጣብቅ ቪኒል በፎቶ አይታይም፤ እዚያ ገልብጠው ያያሉ። የቆዩ ሰብሳቢዎችም ማጅራት ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብበው ያስረዱዎታል፤ አንድ እግሩ የጎደለ ጫማ እንኳ ተለዋውጦ ይሞላል።

በፖስታ ከመጣ ሻጩን አንድ ነገር ያሳስቡት፤ መጀመሪያ በነጭ የጥጥ ጨርቅ ወይም አሲድ በሌለው ስስ ወረቀት ይጠቅልላት፣ አየር የተሞላው ፕላስቲክ ከዚያ በላይ ይሁን። ቪኒሉን በቀጥታ ከነካው ክብ ክብ ምልክት ይተዋል።