በመኪና አደጋ ካሳ ፋይል ላይ ለምትሠራው እህታችን ምስጋና፣ ጠበቃ ለምትፈልጉም ጥቆማ

ይህ ምስጋና በጠበቃ ቢሮ ውስጥ የመኪና አደጋ ተጎጂዎችን ፋይል ለምታደራጀው እህታችን ነው። ስሟን እዚህ ባንጽፍም ለማን እንደተባለ ታውቀዋለች። ከመድን ድርጅቱ ጋር የሚደራደረው ጠበቃው ነው፤ የሚደራደርበትን ወረቀት የምታሰናዳው ግን እሷ ናት። ሥራውን ለምናውቅ ሰዎች ደግሞ የካሳው መጠን በአብዛኛው የሚወሰነው እዚያ ወረቀት ላይ ነው።

ተጎጂ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለእንዲህ ያለ ጉዳት በአማካይ ስንት ይከፈላል?» ብሎ ነው። እሷ አማካይ ቁጥር አትሰጥም፤ ልክም ናት። አብዛኛው ጥያቄ የአንገትና የወገብ ጡንቻ ጉዳት ስለሆነ በአነስተኛ ገንዘብ ያልቃል፤ አከርካሪያቸው ወይም ጭንቅላታቸው የተጎዳ ጥቂት ሰዎች ደግሞ በጣም ትልቅ ካሳ ያገኛሉ። ሁለቱን ደምሮ የሚወጣው አማካይ ለአንዳቸውም አይሆንም። ሕጉም ከቦታ ቦታ ይለያያል። በእንግሊዝና በዌልስ ከ2021 ወዲህ ለቀላል የአንገት ጉዳት የሚከፈለው ሕመሙ በቆየበት ጊዜ ልክ በሠንጠረዥ ተወስኗል። በአሜሪካ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ደግሞ ተጎጂው ራሱ ለአደጋው በትንሹም ቢሆን ጥፋት ከተገኘበት ካሳው ሙሉ በሙሉ ሊቀር ይችላል፤ በሌሎች ብዙ ቦታዎች የሚቀነሰው የጥፋቱ ድርሻ ብቻ ነው።

ቀድማ የምታጣራው የመድኑን ጣሪያ ነው። ይህን ብዙ ቢሮ ዘግይቶ ነው የሚያየው። የጉዳቱ ዋጋ 300 ሺህ ቢሆንና የአጥፊው መድን ጣሪያ 50 ሺህ ቢሆን፣ መድን ሰጪው ከ50 ሺህ በላይ የመክፈል ግዴታ አብዛኛውን ጊዜ የለበትም፤ ቀሪውን ከአጥፊው ኪስ ማግኘት ደግሞ ንብረት ከሌለው አይቻልም። ስለዚህ የሽፋኑን መጠን በጽሑፍ ትጠይቃለች። ሹፌሩ በሥራ ላይ ነበር ወይ? መኪናው የማን ነው? የተጎጂው የራሱ መድን የአጥፊውን ጉድለት የሚሸፍን አንቀጽ አለው ወይ? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ሌላ ከፋይ የሚገኝባቸው በር ናቸው።

ከዚያ የሕክምና ማስረጃው ይመጣል። ጠቅላላ ድምሩን ብቻ የሚያሳይ የሆስፒታል ደረሰኝ አትቀበልም፤ እያንዳንዱ ምርመራና መድኃኒት ከነቀኑና ከነዋጋው ተዘርዝሮ እንዲሰጣት ትጠይቃለች። «አንገቱን ያመዋል» የሚል የሐኪም ማስታወሻ ክብደት የለውም። አንገቱ ወደ ግራ ስንት ዲግሪ ይዞራል፣ ክብደት ማንሳት ለስንት ሳምንት ተከልክሏል፣ የቀረው ቋሚ ጉዳት ስንት በመቶ ነው የሚለው ግን ዋጋ አለው። ትልልቅ መድን ሰጪዎች ጉዳትን ለመገመት ኮሎሰስን በመሳሰሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ሲጠቀሙ ቆይተዋል፤ ፕሮግራሙ የሚቆጥረው በሰነድ የገባለትን ብቻ ነው። የሕመም ስቃይ ካሳን የሕክምና ወጪውን ከ1.5 እስከ 5 በሆነ ቁጥር በማባዛት የሚገምቱ አሉ። ይህ ለመነሻ ያህል ነው እንጂ መድን ሰጪውንም ፍርድ ቤቱንም አያስገድድም።

ለጠፋ ገቢ «ሥራ አልገባሁም» ማለት አይበቃም። አሠሪው ደመወዙን፣ የቀሩትን ቀናትና የጠፋውን የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጽፎ ይፈርማል፤ የሐኪሙ የሕመም ፈቃድ ደግሞ ከነዚያው ቀናት ጋር መግጠም አለበት። ቀኖቹ ካልገጠሙ የመድን ድርጅቱ ካሳ ገማች ሌላውንም ሰነድ መጠራጠር ይጀምራል።

ካሳን ከሚያሳንሱት ነገሮች አንዱ በሕክምና መካከል የሚፈጠር ክፍተት ነው። አንድ ወር ፊዚዮቴራፒ የቀረ ሰው «ድኖ ነበር» ይባላል። ከቀጠሮ የቀረበት ምክንያት ገንዘብ ወይም ትራንስፖርት ከሆነ ያው ምክንያት በሐኪሙ ፋይል ላይ እንዲጻፍ ታደርጋለች። ከአደጋው በፊት የነበረ የወገብ ሕመምንም አትደብቅም፤ የድሮውን ራጅ ከአዲሱ ኤምአርአይ ጎን አስቀምጣ ምን እንደተባባሰ ሐኪሙ እንዲያብራራ ትጠይቃለች። የተባባሰ ሕመም ካሳ ያስገኛል። ተደብቆ የተገኘ የቀድሞ ሕመም ግን ጠቅላላ ጥያቄውን ያበላሻል።

አትቸኩልም፣ ይህም ብዙ ደንበኛ የሚያማርርበት ጠባይዋ ነው። የሕክምናው ውጤት ሳይለይ የተፈረመ የስምምነት ሰነድ፣ ከዚያ በኋላ ቀዶ ጥገና ቢያስፈልግ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ አይከፈትም። መድን ሰጪው የሚያቀርበው የመጀመሪያው ዝቅተኛ የካሳ ዋጋ ፈጥኖ የሚመጣውም ለዚሁ ነው። የይርጋውን ቀን፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው ጊዜ የሚያበቃበትን ቀን፣ ግን ከፋይሉ ሽፋን ላይ ትጽፈዋለች፦ በቨርጂኒያ 2 ዓመት፣ በሜሪላንድና በእንግሊዝ 3 ዓመት ነው፤ የመንግሥት መኪና ከሆነ ብዙ ቦታ ከዚያ በጣም ባጠረ ጊዜ ለመሥሪያ ቤቱ ካሳ እንደሚጠየቅ በጽሑፍ ማስታወቅ ያስፈልጋል።

የበለጠ የምናመሰግናት ግን ስምምነቱ ካለቀ በኋላ ለምትሠራው ሥራ ነው። ጉዳቱ 90 ሺህ ተገመተ እንበል። ተጎጂው 20 በመቶ ጥፋት ካለበት 72 ሺህ ይሆናል። ጠበቃው ሲሶ ከወሰደ 24 ሺህ ይሄድና 48 ሺህ ይቀራል። ለሰነድና ለባለሙያ አስተያየት የወጣ 3 ሺህ ሲቀነስ 45 ሺህ ነው። ሆስፒታሉ ወይም የጤና መድኑ ያወጣሁት 20 ሺህ ይመለስልኝ ካለ ለተጎጂው የሚደርሰው 25 ሺህ ብቻ ነው። እሷ ሆስፒታሉን አነጋግራ 20ውን ወደ 12 ብታወርደው ተጎጂው 33 ሺህ ይዞ ይገባል። ብዙ ቢሮ ይህን ድርድር አይሞክረውም፤ የጠበቃውን ድርሻ አይጨምርለትማ!

ጉዳቱ በሁለት ሳምንት የዳነና ጥፋቱ ግልጽ ከሆነ «ጠበቃ አያስፈልግህም፣ ሰነድህን ይዘህ ራስህ ጠይቅ» ብላ ትመልሳለች። ይህን የምትል ሠራተኛ ያለችበትን ቢሮ እመኑ።

ሌላ ቢሮ የምትሄዱም ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፦ ፋይሌን በየቀኑ የሚይዘው ማን ነው? የጠበቃው ድርሻ የሚሰላው ወጪ ከመቀነሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከገባ ድርሻው ከሲሶ ወደ ስንት ያድጋል? የሆስፒታሉን ዕዳ ትደራደራላችሁ፣ ለዚያስ ለብቻ ታስከፍላላችሁ? መልሱ በውሉ ላይ ይጻፍ። በመጨረሻም ገንዘቡ ሲመጣ ማን ስንት እንደወሰደ በዝርዝር የሚያሳይ ወረቀት ሳታዩ የገንዘብ ክፍፍሉን የሚያጸድቅ ሰነድ ላይ አትፈርሙ።