ለ7.65 ፓራቤለም የገዛሁት ዳይ፦ ብረቱ ጥሩ፣ መመሪያው ዜሮ

7.65 በ21 ሚሊሜትር ፓራቤለም የሚባለውን የሽጉጥ ጥይት ፈልጎ ያጣ ሰው ይገባዋል። የስዊዘርላንድ ጦር በ1900 ከሉገር ሽጉጥ ጋር የተቀበለው ጥይት ነው። አሁን ግን አንዳንዴ ብቅ ይልና ወዲያው ይጠፋል። ስለዚህ ባዶ ቀለሃ ሰብስቤ ራሴ ልሙላ ብዬ ባለ 3 ዳይ ስብስብ ገዛሁ፤ ዳይ ማለት ባዶ ቀለሃን ወደ ልኩ የሚመልስና አዲስ አረር የሚተክል የብረት ቅርጽ ማውጫ ነው።

ብረቱ ምንም አይወጣለትም። ክሩ ልስልስ ያለ ነው፣ ማጥበቂያ ቀለበቱም ንቅንቅ አይልም። ግን ይሄ ቀለሃ እንደ ጠርሙስ አንገቱ ጠበብ ያለ ስለሆነ፣ የ9 ሚሊሜትር ቀለሃ በካርባይድ (በጣም ጠንካራና ልስልስ ቁስ) ዳይ ውስጥ በደረቁ እንደሚገባው አይገባም፣ ቅባት የግድ ነው። መጀመሪያ ቀን ቅባቱን አበዛሁትና 4 ቀለሃ ትከሻቸው (ወደ አንገቱ የሚጠብበት ቦታ) ሰርጉዶ ወጣ። እንደ ዓይኔ ብሌን የማያቸው ቀለሃዎች! በጣት ጫፍ ስስ አድርጌ ስቀባ ነው ነገሩ የተስተካከለው። መመሪያ የተባለችው ብጣሽ ወረቀት ስለዚህ አንድ ቃል አትተነፍስም።

ከ9 ሚሊሜትር ቀለሃም ልሠራ ሞክሬ ነበር። 9 ሚሊሜትሩ ራሱ ከዚሁ ጥይት የተወለደ ነው፣ ግን ቁመቱ ወደ 2 ሚሊሜትር ተኩል ስለሚያንስ አንገቱ አጭር ሆኖ ቀረ፣ አረሩንም ደህና አድርጎ አይዝም። ተውኩት።

የባሩዱን መጠን በግምት እንዳትነኩት፤ የታተመ ሠንጠረዥና ሚዛን ይኑራችሁ።

ሌላው ቅሬታዬ አረር መትከያው ዳይ ነው። ጫፉ ለድብልብል አረር ብቻ የተሠራ ነው። ጠፍጣፋ አፍንጫ ያለውን ያዘምመዋል። ለሱ ሌላ ጫፍ ለብቻው ማዘዝ ነበረብኝ፣ እስካሁንም እየጠበቅኩ ነው።