«ውሃ መቀየር ቀረ» እየተባለ የሚሸጠውን የአኳሪየም ማጣሪያ እንዳትገዙ

ጎንደር ውስጥ ቤታችሁ አኳሪየም (የመስታወት የዓሣ ገንዳ) ያላችሁ፣ ወይም ለልጆቻችሁ ልታስገቡ ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ። ሰሞኑን አንዲት ትንሽ የውሃ ማጣሪያ በየሱቁ እየተሸጠች ነው። መስታወቱ ጠርዝ ላይ የምትንጠለጠል፣ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ሰማያዊ መብራት ያላት ናት። ካርቶኗ ላይ ማጣሪያ፣ ኦክስጅን ሰጪና ጀርም ገዳይ ሦስቱም በአንድ ተብሎ ተጽፏል። ሻጩ ደግሞ «ይቺን ከገዛችሁ ውሃ መቀየር ቀረ» ይላችኋል።

በውሃ ፈረቃ ለተማረረ የጎንደር ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያጓጓ ቃል የለም። ውሃ በመጣ ቀን ሮቶና ጀሪካን ለመሙላት የሚሯሯጥ ሰው፣ የዓሣው ውሃ ቢቀርለት እንዴት አይወድ! ግን ውሸት ነው። በዚህ ውሸት ዓሣ እየሞተ ነው።

ማራኪ ሰፈር የምትኖር የአክስቴ ልጅ ገዝታት ነበር። ገንዳው 120 ሊትር ይይዛል፤ ውስጡ ጥቂት ጎልድፊሾች አሉ። ስሄድ ውሃው ጥርት ኩልል ብሏል። ዓሦቹ ግን ከላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ። የሚተነፍሱበት ስንጥባቸው ቀልቷል። ሁለቱ ቀድመው ሞተውባታል፤ እሷም የምግቡ ጉዳይ መስሏት ምግብ ቀይራለች። ማጣሪያዋን አብረን ፈታናት።

ስፖንጇ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አትበልጥም። ከሥሯ ትንሽዬ የከሰል ከረጢት አለች፤ ጨመቅ ሲያደርጓት እጅ ታጠቁራለች። «ጀርም ገዳይ» የተባለው ተራ ሰማያዊ የኤልኢዲ አምፖል ነው። እውነተኛው ጀርም ገዳይ አልትራቫዮሌት መብራት ጨረሩ 254 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ ጨረሩ ራሱ ለዓይን አይታይም። ዓይንና ቆዳ ስለሚጎዳም በሽፋን ውስጥ ሆኖ ነው የሚሠራው። ሳሎኑን ሰማያዊ የሚያደርገው መብራት ጌጥ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። እውነተኛው ቢሆን እንኳ ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፍ ጀርምና አልጌ ይገድል ይሆናል እንጂ የዓሣ መርዝ አያነሳም።

ካርቶኑ በሰዓት 800 ሊትር ይላል። ይህን ማንም ሰው ቤቱ ሊፈትነው ይችላል። ከማጣሪያው አፍ ሥር አንድ ሊትር የሚይዝ ጆግ አድርጉና እስኪሞላ ድረስ በስልካችሁ ሰከንድ ቁጠሩ። 3600ን ለሰከንዱ ስታካፍሉ በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚያወጣ ታገኛላችሁ። 800 የተባለው ጆጉን በአራት ሰከንድ ተኩል መሙላት ነበረበት። ይቺ 18 ሰከንድ ፈጀች። 200 ሊትር ማለት ነው። ለ120 ሊትር ገንዳ ውሃው በሰዓት ቢያንስ አራት ጊዜ መዞር አለበት ቢባል 480 ሊትር ይፈለጋል፤ ግማሹን እንኳ አትደርስም። ያውም ስፖንጇ ገና ሳትደፈን።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሰውን ጥርት ባለ ውሃ ማታለላቸው ነው። ዓሣ በስንጥቡም በኩሱም አሞኒያ ያወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ቀለም የለውም። ውሃው ኩልል እያለ ዓሣውን ሊገድል ይችላል። ከሰሉ ሽታና ቀለም ይይዛል፤ አሞኒያ ግን አይይዝም። አሞኒያን የሚያስወግዱት ስፖንጅ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፣ እሱም መርዝ ነው። ቀጥሎ ሌሎች ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፣ ይሄኛው ጉዳቱ ያነሰ ነው። ናይትሬቱ የሚወጣው እናንተ ውሃ ስትቀይሩ ነው። ስለዚህ ውሃ መቀየርን የሚያስቀር ሳጥን የለም። ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ቦታም ጊዜም ይፈልጋሉ። በቂ ሆነው እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። በዚያች ቁራጭ ስፖንጅ ላይ ስንቱ ይኖራል?

የኛ ከተማ ደግሞ ከፍታ አለባት፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ለቆላ አገር የተሠራ መመሪያ ላይ «ይህን ያህል ዓሣ ይበቃል» የተባለው እኛ ጋ አይሠራም። አየር የሚነፋ ነገር እዚህ የግድ ነው። ሳጥኗ ግን ኦክስጅን ሰጪ ተብላ አንዲት አረፋ አታወጣም።

የአክስቴ ልጅ ሱቁ ድረስ ሄዳ አቤት ስትል ምን ቢላት ጥሩ ነው? «እህቴ፣ ለሱማ አርኦ ነው የሚያስፈልግሽ» ብሎ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ሊሸጥላት ሞከረ። እግዜር ይስጣት፣ ሳትገዛ ደወለችልኝ። አርኦ የሚባለው ማጣሪያ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ለመስጠት ሦስት አራት ሊትር ይደፋል። በፈረቃ ውሃ ይህን ማን ይችለዋል? በዚያ ላይ በደንብ ለመሥራት ወደ 3 ባር የሚጠጋ ግፊት ይፈልጋል። ሮቶ በ10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ያህል ነው፤ ጣሪያችሁ ላይ ያለው ግማሹንም አይሞላም። ተጨማሪ ፓምፕ ካልተገዛ ዝም ብሎ ይንጠባጠባል። ማዕድኑንም አጥቦ ስለሚያወጣው ለጎልድፊሽ ጭራሽ አይመከርም።

ደረሰኟ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም አለ። ይህ ማኅተም አያስፈራችሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲቀየርላችሁ ወይም ብራችሁ እንዲመለስላችሁ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። ደረሰኙንና ካርቶኑን ያዙ፣ የጆጉን ፈተና በቪዲዮ ቅረጹ፣ ሳትዘገዩ ሂዱ። እምቢ ካለ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። ያለ ደረሰኝ መግዛት ግን ይቅርባችሁ።

ታዲያ ምን እንግዛ ለምትሉ፣ ለቤት ገንዳ ተራ የስፖንጅ ፊልተርና አየር የሚነፋ ትንሽ ፓምፕ በቂ ነው። ስፖንጁ ትልቅ ይሁን፤ ሁለት ብታደርጉ ደግሞ የተሻለ። አየር ይሰጣል፣ ባክቴሪያ ይይዛል፣ የሚቀየር ካርትሪጅ የለውም። ፓምፑ 220 ቮልት መሆኑን ሳታዩ እንዳትሰኩት። ከውሃው ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ አለበለዚያ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ወደ ኋላ ተመልሶ ፓምፑን ያቃጥለዋል። ውሃ የማይመልስ ትንሽ ቫልቭም ይሸጣል፣ አብራችሁ ግዙ። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አትጠቡት፣ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይፈጀዋል። ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል።

ሳጥኗን ቀድማችሁ የገዛችሁና ዓሦቻችሁ ወደ ላይ እየወጡ አየር የሚስቡባችሁ ከሆነ፣ ዛሬውኑ የገንዳውን ውሃ ሲሶ ቀይሩ። የምትጨምሩት የቧንቧ ውሃ አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ክፍት ሆኖ አንድ ቀን ያደረ ይሁን፣ ክሎሪኑ እንዲወጣ። ሮቶ ውስጥ የቆየ ካላችሁ እሱ ይሻላል። ለአንድ ሁለት ቀን ምግብ አትስጡ፣ ጎልድፊሽ በዚህ አይሞትም። ነገም ዓሦቹ ካልተሻላቸው እንደገና ሲሶ ቀይሩ። የሳጥኗን ስፖንጅ ግን አትጣሉት። ያሉት ጥቂት ባክቴሪያዎች እሱ ላይ ናቸው። አዲሱ የስፖንጅ ፊልተር እስኪለምድ ከጎኑ አሥራችሁ አቆዩት።