የ15 ዓመት ወይስ የ25 ዓመት ብድር? ንጽጽር ለመጀመሪያ ቤት ገዢዎች

የመጀመሪያ ቤት የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ቤት በማየት ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ይሻላል፤ ልብ ያረፈበት ቤት ከተገኘ በኋላ የብድር ውልን ረጋ ብሎ ማንበብ ይከብዳል። ስለዚህ ብድሩን እናስቀድም። ለስሌት እንዲመች 1,000,000 ብድር፣ በዓመት 10 በመቶ ወለድ፣ በየወሩ እኩል ክፍያ እንያዝ። የገንዘቡ ዓይነት የትኛውም ቢሆን ስሌቱ አይለወጥም።

| | 15 ዓመት | 25 ዓመት |
|---|---|---|
| ወርኃዊ ክፍያ | 10,746 | 9,087 |
| ከመጀመሪያው ክፍያ ዋናውን ብድር የሚቀንሰው | 2,413 | 754 |
| ከ5 ዓመት በኋላ የሚቀረው ዕዳ | 813,000 ገደማ | 942,000 ገደማ |
| በጠቅላላ የሚከፈል ወለድ | 934,000 ገደማ | 1,726,000 ገደማ |

በወር ሲታይ ልዩነቱ 1,659 ብቻ ነው። በጠቅላላ ወለድ ሲታይ ግን ወደ 792,000 ይጠጋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ወለድ የሚሰላው ባልተከፈለው ዋና ብድር ላይ ነው። የመጀመሪያው ወር ወለድ በሁለቱም 8,333 ስለሆነ፣ የ25 ዓመቱ ተበዳሪ ከከፈለው ውስጥ ዕዳውን የሚነካው ጥቂት ነው። 5 ዓመት ሙሉ 545,000 ያህል ከፍሎ ዕዳው የሚቀንስለት በ58,000 ገደማ ብቻ ነው። በአምስትና በስድስት ዓመት ውስጥ ቤቱን ሸጦ ሊሄድ የሚችል ሰው ይህን ቁጥር ደጋግሞ ይየው፤ የቤቱ ዋጋ ካልጨመረ የሽያጭ ወጪው ብቻ ያችን 58,000 ሊጨርሳት ይችላል።

ታዲያ ሁሉም ሰው 15 ዓመቱን ይምረጥ? አይደለም። 10,746 በውል ከታሰረ፣ ሥራ በጠፋበትም ሆነ ሰው በታመመበት ወር ያው 10,746 ነው። ክፍያ ሲዘገይ ቅጣት ይመጣል፤ ሲደጋገም መያዣው፣ ማለትም ቤቱ ራሱ፣ ለሽያጭ ይቀርባል። ወለዱ በሁለቱም አንድ ከሆነ፣ ለአብዛኛው ጀማሪ ገዢ እኛ የምንመክረው 25 ዓመቱን ፈርሞ በፈቃደኝነት 10,746 መክፈልን ነው። እንዲህ የከፈለ ሰው በ15 ዓመት ይጨርሳል፤ የከፋ ወር ሲመጣ ደግሞ ያለ ቅጣት ወደ 9,087 ይመለሳል። አበዳሪው ለአጭሩ ብድር ዝቅ ያለ ወለድ የሚሰጥ ከሆነ ግን ስሌቱ እንደ አዲስ ይሠራ።

ይህ መንገድ የሚያዋጣው ውሉ ቀድሞ መክፈልን ያለ ቅጣት ሲፈቅድ ነው። ከወርኃዊው ክፍያ በላይ የተከፈለው ትርፍ ገንዘብም በቀጥታ ዋናውን ብድር መቀነስ አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አበዳሪው ትርፉን ለሚቀጥለው ወር ክፍያ ከያዘው ዋናው ብድር ቶሎ አይቀንስም፣ የተጠበቀው የወለድ ቅናሽም አይገኝም። የክፍያ ትእዛዙ ላይ «ለዋናው ብድር መቀነሻ» ብለው ይጻፉ፤ በሚቀጥለው ወር የብድር መግለጫ ላይ ቀሪው ዕዳ መውረዱን ያረጋግጡ።

ቋሚ ወይስ ተለዋዋጭ ወለድ? ተለዋዋጩ ሲጀምር ረከስ ሊል ይችላል፤ ጣጣው በኋላ ነው። በ25 ዓመቱ ብድር ላይ ወለዱ ገና በጅምሩ ከ10 ወደ 12 በመቶ ቢወጣ ወርኃዊው ክፍያ 10,532 ገደማ ይሆናል። ክፍያው ባለበት 9,087 ቢቆይ ደግሞ ይብሳል፤ የወሩ ወለድ ብቻ 10,000 ስለሚሆን ዕዳው እየተከፈለ ያድጋል። ከመፈረም በፊት ወለዱ በየስንት ጊዜው እንደሚከለስ፣ ጣሪያ እንዳለው፣ ሲጨምር ክፍያው ያድግ እንደሆነ ወይስ ዘመኑ ይረዝም እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። «ቋሚ» የተባለውም ቢሆን ለስንት ዓመት ቋሚ እንደሆነ ይጠየቅ፤ ለጥቂት ዓመታት ብቻ የሚጸና አለ።

ቅድመ ክፍያ፣ ማለትም ቤቱ ሲገዛ ከራስ ኪስ የሚከፈለው፣ በበዛ ቁጥር ወለድ ይቀንሳል። ሆኖም ቁጠባን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም አሟጦ መክፈል አደገኛ ነው። የስም ማዛወሪያ፣ የቤቱ ዋጋ ግምት፣ የኢንሹራንስና የመጀመሪያ ጥገና ወጪዎች ከቅድመ ክፍያው ውጭ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ቢያንስ የ3 ወር፣ ገቢው ለሚዋዥቅ ሰው የ6 ወር ወጪ በእጅ መቅረት አለበት።

አቅምን ለመለካት ከመበደር በፊት ለ6 ወር ልምምድ ያድርጉ። አሁን የሚከፍሉት ኪራይ 4,000፣ የታሰበው ክፍያ 10,746 ከሆነ፣ ልዩነቱን 6,746 ደመወዝ በገባበት ቀን ወደ ሌላ ሒሳብ ያዛውሩ፤ አይንኩት። በ6 ወሩ 40,476 ይጠራቀማል፤ ለመጠባበቂያው ጅምር ይሆናል። በመሀል ሁለት ጊዜ ከሒሳቡ ማውጣት ግድ ካለ፣ ማነስ ያለበት የብድሩ መጠን ነው፤ ዘመኑን ማስረዘም ወርኃዊውን ክፍያ በጥቂቱ ቀንሶ ወለዱን በብዙ ይጨምረዋል።