የኒውክሌር ጣቢያ የት ይሠራ? ክርክሩን ለሕዝብ የከፈተው ድረ ገጽ

የብሪታንያው ፕላኒንግ ኢንስፔክቶሬት (የግንባታ ዕቅዶችን የሚመረምረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት) የትልልቅ ግንባታዎችን ማመልከቻ የሚያስተናግድበት ድረ ገጽ አለው። ነጻ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ አዲስ ትልቅ የኒውክሌር ኃይል ጣቢያ ለመሥራት ማመልከቻ ሲገባ ወረቀቱ እዚህ ይለጠፋል። እኔ የምኖረው በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሰፎክ ውስጥ፣ ሳይዝዌል ከሚባለው የባሕር ዳርቻ ብዙም ሳልርቅ ነው። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት እሠራለሁ። እዚያ ስለሚሠራው አዲሱ ጣቢያ፣ ስለ ሳይዝዌል ሲ፣ የማያወራ ሰው እዚህ የለም፤ ወረቀቱን ያነበበ ግን ጥቂት ነው። ለዚህ ነው ይህን ግምገማ የምጽፈው። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ።

አጠቃቀሙ አያስቸግርም። የፕሮጀክቱን ስም ትፈልጋላችሁ። ማመልከቻው የት ደረሰ፣ ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ ነው፣ ማን ምን ብሎ ጻፈ፣ ሁሉም አለ። የምዝገባ ጊዜው ቢያንስ 28 ቀን ክፍት ይሆናል። በዚያ ጊዜ ስሙንና ሐሳቡን ያስገባ ሰው በሕግ ባለጉዳይ ይሆናል፤ ማመልከቻውን የሚመረምሩት የኢንስፔክቶሬቱ መርማሪዎች ፊት ቀርቦ መናገር ይችላል። ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም። ምርመራው ከ6 ወር አይበልጥም። ከዚያ መርማሪዎቹ በ3 ወር ሪፖርታቸውን ጉዳዩ ለሚመለከተው የመንግሥት ሚኒስትር ያቀርባሉ፤ ሚኒስትሩም በሌላ 3 ወር እንዲወስን ይጠበቃል፤ ይህ አንዳንዴ ይራዘማል።

አራቱን ኮከብ ያስገኘለት የሳይዝዌል ሲ መዝገብ ነው። ጣቢያው 3.2 ጊጋ ዋት የሚያመነጭ ነው። ምርመራው የተካሄደው እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር 2021 ነበር፤ ኮቪድ ስለነበር ብዙው ስብሰባ በኢንተርኔት ነው የተደረገው። ኩባንያው፣ የአካባቢው ምክር ቤት፣ የወፍ ተቆርቋሪዎች፣ ተራ ነዋሪዎች፣ የሁሉም ቃል ተመዝግቦ ተቀምጧል። እኔን ከሁሉ በላይ የያዘኝ የውኃው ጉዳይ ነው። ሪአክተሩ (የኒውክሌር ማብላያው) የሚቀዘቅዘው በባሕር ውኃ ነው። ነገር ግን ለግንባታውም ሆነ ጣቢያው ሥራ ከጀመረ በኋላ ጨው የሌለበት ውኃ ያስፈልጋል። ምሥራቅ እንግሊዝ ደግሞ በሀገሪቱ ዝናብ የሚያንስበት ክፍል ነው። ታዲያ ውኃው በዘላቂነት ከየት ይምጣ? መርማሪዎቹ ይህ ጥያቄ ካልተመለሰ ፈቃድ ለመስጠት በቂ ምክንያት የለም አሉ። የያኔው ሚኒስትር ክዋሲ ክዋርቴንግ ግን በጁላይ 2022 ፈቀዱ። የመርማሪዎቹ ሪፖርትና የሚኒስትሩ ደብዳቤ እዚያው ጎን ለጎን ይገኛሉ። ማንም ሰው ሁለቱንም አንብቦ የራሱን ፍርድ መስጠት ይችላል። እንዲህ ያለ ግልጽነት እኔ በጣም አከብራለሁ።

በምሠራበት ቤት አንዲት እናት አሉ። ባለቤታቸው በድሮው ጣቢያ፣ በሳይዝዌል ኤ፣ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። አዲሱን ከልባቸው ይደግፋሉ፤ “ልጆቻችንን ያሳደግነው በዚያ ደመወዝ ነው” ይሉኛል። የውኃውን ክፍል ሳነብላቸው ግን ዝም ብለው ሰሙና “እሱንስ መጠየቃቸው ደግ አደረጉ” አሉ። ደጋፊም ተቃዋሚም አንድ ገጽ ላይ ቆሞ የሚነጋገረው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ይህ ድረ ገጽ የሚያሳየው ከፖሊሲው በኋላ ያለውን ነው። “ጣቢያ ያስፈልጋል ወይ?” የሚለው ቀድሞ በመንግሥት ሰነድ ያልቃል። በጁላይ 2011 የጸደቀው ኢኤን-6 የሚባለው ሰነድ ቦታዎቹን ሳይቀር በስም ዘርዝሮ ነበር፦ ብራድዌል፣ ሃርትልፑል፣ ሄይሻም፣ ሂንክሊ ፖይንት፣ ኦልድበሪ፣ ሳይዝዌል፣ ሴላፊልድና ዊልቫ። ስምንት። በ2025 መጨረሻ ሥራ ሊጀምሩ ይችላሉ የተባሉ ናቸው። አንዱም በዚያ ጊዜ አልደረሰም። የ2008ቱ የፕላን ሕግ መርማሪዎቹ ፖሊሲውን ራሱን የሚሞግት አስተያየት ወደ ጎን እንዲተዉ ይፈቅድላቸዋል። ስለዚህ አንድ ነዋሪ በቅን ልብ “መጀመሪያውኑ ለምን እኛ ጋ?” ብሎ ቢጽፍ ሐሳቡ ሚዛን ላያነሣ ይችላል። ድረ ገጹ ይህን በመመዝገቢያው ገጽ ላይ በትልቁ መጻፍ አለበት። ሰው ጊዜውን የት ላይ እንደሚያውል ይወቅ እንጂ!

ረቂቁ በፌብሩዋሪ 2025 ለሕዝብ የቀረበው ኢኤን-7 የቦታ ዝርዝሩን ትቶታል። በዝርዝር ፋንታ መመዘኛ አስቀምጧል፤ የሕዝብ ብዛት፣ ጎርፍ፣ የተፈጥሮ ጥበቃ፣ ማቀዝቀዣ ውኃና የመሳሰሉት። ኩባንያው ቦታውን ራሱ መርጦ ያመጣል፣ እንደሚመጥንም ያስረዳል። ትንንሽ ሪአክተሮች ሌላ ቦታም ሊተከሉ ስለሚችሉ ሐሳቡ ይገባኛል። ግን ዛሬ ምንም የማያውቅ መንደር ነገ ማመልከቻ ሊመጣበት ይችላል ማለት ነው። (ስኮትላንድ ውስጥ ሌላ ነው፤ የስኮትላንድ መንግሥት አዲስ ጣቢያ አይፈልግም፣ ፈቃዱም በእጁ ነው።)

ሌላው ቅሬታዬ የሰነዱ ብዛት ነው። በኮድ የተሰየመ ፋይል ተደርድሮ ዓይን ያደክማል። በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈ አጭር ማጠቃለያ ለእያንዳንዱ ርዕስ ቢኖር ምን ነበረበት? ሀበሻ ወዳጆቼ “ጋሼ፣ ከየቱ እንጀምር?” ሲሉኝ ከኋላ ጀምሩ እላቸዋለሁ። መጀመሪያ የመርማሪዎቹን ሪፖርት መደምደሚያ፣ ቀጥሎ የሚኒስትሩን ደብዳቤ፣ ከዚያ የሚያሳስባችሁን ርዕስ ብቻ።

ዌልስ፣ አንግልሲ ደሴት ላይ ለምትኖሩ ደግሞ ይህን ድረ ገጽ ዛሬውኑ ክፈቱት እላለሁ። መንግሥት በኖቬምበር 2025 የሮልስ ሮይስን ትንንሽ ሪአክተሮች እዚያው ደሴት ላይ፣ ዊልቫ፣ ለመትከል መርጧል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ይተከላሉ። በዚያው ቦታ የጃፓኑ ኩባንያ የሂታቺ የቀድሞ ዕቅድ ተመርምሮ ነበር፤ መርማሪዎቹም ፈቃድ አይሰጥ ብለው ነበር። በአቅራቢያው ባለው የኬምሊን ባሕር ዳርቻ የሚራቡት ተርን የሚባሉ የባሕር ወፎች በግንባታው ተረብሸው ቦታውን ሊለቁ ይችላሉ የሚል ስጋት ነበራቸው። ብዙ ሠራተኛ ሲመጣ የቤት ኪራዩና የዌልስ ቋንቋ ምን ይሆናሉ የሚለውም አሳስቧቸዋል። ኩባንያው ማመልከቻውን ቢያነሣም ሪፖርቱ ይፋ ሆኗል። አዲሱ ማመልከቻ ሲገባ እነዚያን ጥያቄዎች አንድ በአንድ አንሡ፤ ምላሹንም በጽሑፍ ጠይቁ። የምዝገባ ቀኑ እንዳያመልጣችሁ በኢሜይል ማሳወቂያ መመዝገብ ይቻላል።