በማይክ ወይስ በእድር?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ የጤና መልእክት በሁለት መንገድ ሲመጣ አይቻለሁ።

አንዱ ማይክ የጫነ መኪና ነው። «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» ይላል፣ ያልፋል። ወረርሽኝ ሲነሳ ፍጥነቱ ነፍስ ያድናል። ግን መልሶ የሚጠየቅ ሰው የለውም።

ሁለተኛው እድር ነው። ከስብሰባው በኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አብራን ትቀመጣለች፣ ቡና ይፈላል። አንዲት እናት «መብራት ሲጠፋስ በምን ላፍላ?» አለች። ባለሙያዋ የውሃ ማከሚያ ክሎሪን አወጣች፤ ጨምረው 30 ደቂቃ መጠበቅ እንዳለባቸው አሳየች። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የበርሜል አከዳደን ላይም ብዙ ተባለ። የፍሳሽ ቦዩን ማን እንደሚጠርግ እዚያው ተከፋፈልን። ቦዩ እስከ ዛሬ ንጹህ ነው!

በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፍ የጤና ጉባኤ የወጣው የአልማ አታ መግለጫ ሕዝብ በጤናው ሥራ ብቻ ሳይሆን በዕቅዱም መሳተፍ መብቱም ግዴታውም ነው ይላል። መኪናው ዕቅዱን ጨርሶ ነው የሚመጣው።

እኔ እድሩን እመርጣለሁ። ቀርፋፋ ነው፣ በወር አንዴ ነው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን እድር ያልገቡት ተከራዮች ናቸው። ለእነሱ በየብሎኩ በር ማንኳኳት አለብን፤ ቅዳሜ እንጀምራለን።